ለአየር ብለው ቆላ የወረዱት መካኒክ

ጋሽ ላቀው ማረፋቸውን የሰማሁት ሸሕዲ መናኸሪያ ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ነጋዴ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። ከሽንፋ የመጣ ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ማሩ! ያ የድሮ መካኒካችሁ አረፉ፤ ትናንት ቀበርናቸው» አለኝና መሪውን አዙሮ ሄደ። የቆላ ሹፌር እንዲህ ነው፤ ሞቱንም የጎማ ዋጋውንም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገር። ነጋዴው ደግሞ፣ «ታዲያ ትወስደዋለህ ወይስ አትወስደውም?» ይለኛል። «ኧረ ወዲያ!» ብዬው እዚያው ድንጋይ ላይ ዘፍ አልሁ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ ያን ለት ግን አለቀስሁ።

ስለ እሳቸው ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር አለ። ሰው ሁሉ ለጤናው ብሎ ከቆላ ወደ ደጋ ሲሸሽ፣ ለጤና ብሎ ከደጋ ወደ መተማ ቆላ የወረደ እኔ የማውቀው ጋሽ ላቀውን ብቻ ነው። ይህን ስል ይስቁብኛል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። መተማ ቆላ ባለ የመንግሥት እርሻ የትራክተር ሹፌር ነበርሁ። ሰሊጥና ማሽላ ነው የምናመርተው፤ ሜዳው ዐይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው። ከደምቢያ የወረድሁ ጎረምሳ ነኝ፤ ያን ጊዜ ትራክተር የሚነዳ ሰው አውሮፕላን እንደሚያበር ይቆጠር ነበርና፣ ሳልዋሽ ልናገር፣ መሬት አልበቃኝም። በበሬ ያረስሁትን ትናንት ረስቼ፣ የአባቴን በሬዎች ስም እንኳ ቢጠይቁኝ የማላስታውስ መስዬ ነበር።

ጋሽ ላቀው ከአዲስ አበባ የመጡ ለት ጋራዡ ውስጥ ተሰብስበን አየናቸው። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፤ ከሁሉ ያስገረመን ቱታቸው ነው። ንጹሕ ነው! «ይኸ ሰውዬ መካኒክ ነው ወይስ ዲያቆን?» ተባባልን። ቱታቸውን በየቀኑ ያሳጥቡ ነበር። ከሰው ጋር ሲነጋገሩ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ነው የሚጀምሩ፤ ሞተር ሲያዳምጡ ደግሞ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ሦስት ጣታቸውን የሞተሩ ክዳን ላይ ያሳርፋሉ። ሐኪም የሕፃን ትኩሳት ሲለካ እንደዚያ ነው። ቁጣ አያውቁም። በሦስት ዓመት ውስጥ ድምፃቸው ከፍ ሲል አልሰማሁም።

አባባላቸው አንድ ነበር፤ «ጭስ አይዋሽም» ይሉናል። «ነጭ ሲሆን በርዶታል። ሰማያዊ ሲሆን ዘይቱን እየጠጣ ነው። ጥቁር ሲሆን ደግሞ ከሚፈጨው በላይ አጉርሳችሁታል።»

ታዲያ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ትራክተሮቹን ያሰልፉና ከክሊኒክ ለምነው ያመጡትን ነጭ ሻሽ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ይዘረጋሉ። ሞተሩን እንድናስጮኸው ያዝዙና እስከ ሃያ ይቆጥራሉ። ከዚያ የእያንዳንዳችንን ሻሽ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በሽቦ ሰቅለው ከሥሩ የሹፌሩን ስም ይጽፋሉ። የጠቆረበት ሰው አፍሮ ሞተሩን እንዲያስተካክል አስበው ነው። እኛ ግን ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? የማን ሻሽ ጠቆረ እያልን መወዳደር ጀመርን! ለእኛ ጥቁር ጭስ ማለት ጉልበት ነው። የማረሻ ዲስኩን መሬት ውስጥ ነክሮ ወደ ሰማይ ጥቁር የሚተፋ ትራክተር ወንድ ትራክተር ነው። ጭሱ የማይታይ ከሆነ «የሴት ልጅ ሲጋራ» እያልን እንሳለቅበት ነበር።

አንድ ሰኞ እየሮጥሁ ሄድሁ። «ጋሽ ላቀው፣ የኔ ነው አይደል የጠቆረው?»

«ያንተ ነው ማሩ።»

«በሉ እንግዲህ! ጉልበት ማለት ይኸ ነው!»

ሻሹን አገላብጠው አዩና፣ «ንፍሮ በልተህ ሳትፈጨው ብታስመልሰው ጉልበተኛ ትባላለህ እንዴ?» አሉኝ። ሹፌሮቹ ሳቁብኝ። «ይኸ የምታየው ጥላሸት ናፍጣ ነው፤ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ። ለትራክተሩ አልጠቀመም። የሚገባው ሰው ሳንባ ውስጥ ነው።»

ሳንባ የሚለውን ቃል እንዴት እንዳሉት ዛሬም ትዝ ይለኛል። ቀስ ብለው ነው ያሉት።

በዚያን ጊዜ ቆላ የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወይ አለቃውን ሰድቧል ወይ አንድ ነገር አጉድሏል ተብሎ ይታማ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ምሳ በልተን ጥላ ሥር ጋደም ባልንበት ደፈርሁና፣ «ለመሆኑ ምን አጥፍተው ነው ወደኛ የተላኩት?» አልኋቸው።

«ማን ላከኝ? ለምኜ ነው የመጣሁት» አሉ።

ሳቅሁ። እሳቸውም ትንሽ ፈገግ ብለው ነገሩኝ። አዲስ አበባ አሥራ ስምንት ዓመት የሠሩት የከተማ አውቶቡሶች ጋራዥ ውስጥ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ አውቶቡሶቹን እያስነሱ ማሞቅ የእሳቸው ሥራ ነበር። ቤታቸው ደግሞ ከጋራዡ አጥር ጀርባ ነው፤ ለሥራ ቅርብ ነው ብለው ደስ ብሏቸው የተከራዩት ቤት።

«ዘነቡ ነጠላ አጥባ ታሰጣለች» አሉ። ዘነቡ ባለቤታቸው ናቸው። «ከሰዓት ስታነሳው ግራጫ ሆኗል። እኔ ሳሙናውን ነበር የምረግመው። ዓመት ዓመት እያለ እሷን ሳል ጀመራት፤ ከዚያ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ዳገቷን መውጣት አቃታት፤ ቀጥሎ በር ድረስ መሄድ አቃታት። አንድ ቀን የመኝታ ቤታችንን ግድግዳ በጣቴ ነካሁና ጣቴን ከቱታዬ ጋር አስተያየሁት። አንድ ነው፣ ማሩ። ያው ጥላሸት ነው። በእጄ የማስነሳው ሞተር ነው ሚስቴን ሲያፍናት የኖረው።»

አጠገቤ ያለውን ሣር ነጨሁ።

«ሐኪሙ ‹ከዚህ ከተማ ካላወጣሃት› ብሎ ካርዷን አጠፈ። ዝውውር ጠየቅሁ። ጎንደር ሞልቷል፣ ባሕር ዳር ሞልቷል፤ ሰው ያጣ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ማመልከቻውን ስሰጥ ጸሐፊዋ፣ ‹ጋሽ ላቀው፣ ደህና ነዎት? መተማ ብለው እኮ ነው የጻፉት› አለችኝ።»

«ወባስ? ወባ አልፈሩም?»

«እሱን እሷን ጠይቃት።»

ጠየቅኋቸው። እትዬ ዘነቡ ቀይ፣ ክብ ፊት ያላቸው፣ ምላሳቸው የማይያዝ ሴት ናቸው። መጥተው ሳይከርሙ ወባ ሁለት ጊዜ ጥላቸዋለች። «ወባ እንግዳ ናት» አሉኝ፤ «ትመጣለች፣ አንቀጥቅጣ ትሄዳለች። ጭስ ግን ውስጥ ገብቶ ጎጆ ይሠራል። እኔ ከእንግዳዋ ጋር ይሻለኛል።» በመጡበት ዓመት ከበር እስከ አጥሩ ለመድረስ የሰው ትከሻ ይፈልጉ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ጎረቤት ለጎረቤት እየዞሩ ሰው ያስቁ ጀመር። ጋሽ ላቀው ጠዋት ቱታቸውን ለብሰው ሲወጡ በሩ ላይ ትንሽ ቆም ይላሉ። የባለቤታቸውን ትንፋሽ እያዳመጡ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጥር ላይ የሰሊጥ አገዳ ሲቃጠል ደግሞ ነፋሱን አይተው፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር ወዳለ ዘመድ መሰል ሰው ቤት ይወስዷቸው ነበር። ትራክተሮቹም ጠዋት ሲሞቁ ከመኖሪያው ርቀው፣ ነፋስ በማይመልሰው በኩል እንዲቆሙ ያደረጉ እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ማምለጫ የለኝም።

በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ሳይገባ ዘር እንዲያልቅ ተብሎ የሥራ ውድድር ታወጀ። ያሸነፈ ሹፌር ኮከብ ሠራተኛ ይባላል፤ ፎቶው ቢሮው በር ላይ ይሰቀላል። ፎቶ! ዐይኔ ሌላ ነገር አላይ አለ። የትራክተር ናፍጣ ፓምፕ ላይ የሚገባውን ናፍጣ የምትወስን አንዲት ብሎን አለች። ማንም እንዳይነካት ጋሽ ላቀው በሽቦና በፒዮምቦ፣ በእርሳስ ማኅተም ማለት ነው፣ አሽገዋታል። አንድ ቀን ጋራዡ ሰው ሲያጣ ፒዮምቦውን በፒንሳ ቆረጥሁና፣ በአሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፌ ብሎኗን ከፈትኋት። ሽቦውን መልሼ ያልተነካ አስመሰልሁት።

ትራክተሬ ወንድ ሆነ! ጥቁሩን ጭስ እየተፋ ከሁሉም ቀደመ። የእርሻው ኃላፊ መኪናቸውን ማሳው ዳር አቁመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩኝ። «እንዲህ ይጭስ እንጂ! ሁሉም እንዲህ ይጭስ!» ብለው ጮኹ፤ ሹፌሩም የቀን ሠራተኛውም ሰምቷል። ጋሽ ላቀውን አስጠርተው የሁሉንም ፓምፕ እንዲከፍቱ አዘዙ።

ጋሽ ላቀው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ጓድ ኃላፊ፣ ይህ ጭስ ጉልበት አይደለም፤ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። ይፍቀዱልኝና የማሩን ልየው።»

«ዘሩ ሳያልቅ ማንም አይነካውም! ትእዛዝ አልቀበልም እያሉ ነው?»

«ሞተር መግደል አልችልም ነው ያልኩት» አሉ፤ በዚያው በለዘበ ድምፅ።

ወደኔ መጡና፣ «እባክህ ማሩ፣ ጠዋት ውኃ ስታመጣ ከቤቶቹ አርቀህ አቁመው» ብቻ አሉኝ። ጠዋት ጠዋት የውኃ ቦቴውን ወደ መኖሪያው የምጎትት እኔ ነበርሁ። ባትሪዬ ደክሟል፤ ሞተሩን ካጠፋሁት አይነሳም። ሴቶቹ ደግሞ ጀሪካን ተሸክመው ሩቅ መሄድ አይወዱም። እሺ አልኋቸው፤ በማግስቱ እንደ ልማዴ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ እነ ጋሽ ላቀው በር ላይ አቆምሁት።

ነፋስ አልነበረም። ጭሱ ወደ ላይ ሊወጣ ሲገባው ተኝቶ በበርና በመስኮት ገባ። መጀመሪያ ሳል ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሳሉም ጠፋና አንድ የሚያፏጭ ድምፅ መጣ። ጋሽ ላቀው ከጋራዥ እየሮጡ መጡ። ያን ቀን ብቻ ነው ሲሮጡ ያየኋቸው። እትዬ ዘነቡን ታቅፈው ወጡ። ወደ ክሊኒክ ሳይሆን በቀጥታ ወደታረሰው ሜዳ፣ አፈሩ ውስጥ እየሰመጡ፣ ከቤትም ከሰውም ከእኔም ርቀው ሄዱ። ባዶ በርሜል ላይ አስቀምጠዋቸው በኮፍያቸው ያራግቡላቸው ጀመር። የእትዬ ዘነቡ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። ጋሽ ላቀው አጎንብሰው «ቀስ፣ ቀስ፣ ዘነቡ» ሲሉ ይሰማኛል። ፀሐይ ከፍ እስክትል ድረስ እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ ትንፋሻቸው ተመለሰ።

ሰው ብሆን ያኔውኑ ብሎኗን መልሼ አጠብቃት ነበር። ከውድድሩ የቀረው ሁለት ቀን ነው፤ ሁለት ቀን ብቻ ነው አልሁ። አፈር ልብላ! ማድረግ የቻልሁት ቦቴውን ከሩቅ ማቆም ብቻ ነበር።

በማግስቱ ማሳ መሐል ላይ ሞተሬ አንድ ጊዜ ጮኸና ደረቀ። ዝናቡ ደመናውን አንጠልጥሎ ቆሟል፣ ዘሩ አላለቀም፣ ትራክተሩ በድን ሆኗል። ጋሽ ላቀው መጥተው ፈቱት። ፒስተኑ ቀልጧል። የፓምፗን ብሎን አዩ፤ የተቆረጠውን ፒዮምቦ አዩ። መሣሪያ ሣጥኔን ከፍተው አሥራ ሦስት ቁልፌን አነሡና በአውራ ጣታቸው አፉን ዳሰሱት።

«ቁልፍህ ጥርሱ ተበልቷል» አሉ። «ብሎኗን አቁስሏታል። ለውጠው።»

ቁልፉን ወደ ቦታው መልሰው፣ ክዳኑን ዘጉልኝ።

ወሬው በሦስተኛው ቀን ከምሳ በፊት ደረሰን፤ ፓምፕ የማሸግ ኃላፊነት የመካኒኩ ነው፣ ስለዚህ የምርት አሻጥር ነው፣ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ፣ ላቀው ወደ አዲስ አበባ ጋራዥ ሊመለስ ነው። ሹፌሮቹ ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? «እሰይ! ለእሳቸው ተሻላቸው! ቅጣት ቢሉ ይኸን የመሰለ ቅጣት የት ይገኛል?» እኔ ብቻ ነበርሁ ምን እንደሆነ የማውቅ። ያ ጋራዥ፣ ያ አጥር፣ ያ ግድግዳ።

ወደ ስብሰባው ስሄድ እትዬ ዘነቡ በራቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። «ማሩ፣ ና እስቲ፣ ይቺን ሣጥን እሰርልኝ» አሉኝ። «ላቀው እጁ አልታዘዝ አለው።» ገመዱን ይዤ ተንበረከክሁ። ድምፃቸው ከዚያን ቀን ወዲህ ሻክሯል። «እኔ እንኳ ሦስት ዓመት ተንፍሻለሁ፤ ለኔ ትርፍ ነው። የማዝነው ለሱ ነው። እዚያ ሄዶ እንደገና በጠዋት እነዚያን ሞተሮች ሊያስነሳ ነው። እኔ ውስጥ ተኝቼ እየሰማሁ፣ እሱ እያወቀ።» ገመዱን ሦስቴ ቋጠርሁት፤ ሦስቴም ፈታሁት። «ምነው፣ የጎንደር ሰው ቋጠሮ አያውቅም እንዴ?» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። ሣጥኑን ሳላስር ጥያቸው ሄድሁ።

ስብሰባው መጋዘኑ ውስጥ ነው። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ትናንት ጋሽ ላቀው ሞተር የሠሩለት ሁሉ እየተነሣ «ድሮም እኮ ሰውዬው» ይላል። እሳቸው ከፊት ወንበር ላይ፣ በዚያ ንጹሕ ቱታ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንድም ጊዜ ወደኔ አልዞሩም። ቢዞሩ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። ኃላፊው የዝውውሩን ወረቀት አንሥተው፣ «ሌላ አስተያየት ከሌለ» ሲሉ ቆምሁ። መቆሜን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ሲያየኝ ነው።

«ፒዮምቦውን የቆረጥሁ እኔ ነኝ» አልሁ።

«ማን አዞህ?» አሉ ኃላፊው።

«ፎቶው ነው፣ ጓድ ኃላፊ። ፎቶዬ እንዲሰቀል ፈልጌ ነው።»

ሰው ሳቀ። ኃላፊው አልሳቁም፤ ፊታቸው ጠቁሯል፤ አሻጥረኛ፣ እስር ቤት እያሉ ይናገሩ ጀመር። ጆሮዬ እየጮኸ ግማሹን አልሰማሁትም። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ የጎጃም ሳሉግ ተነሣ። ሳሉግ የምንለው ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። አያ ቢተው ይባላል፤ ስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ቆቡን አውልቆ፣ «ጌታዬ፣ አይቆጡኝ። እርስዎም እኮ ‹ሁሉም እንዲህ ይጭስ› ብለው ሲጮኹ ሰምተናል። ልጁ አሻጥረኛ ከሆነ፣ እኛ ባለማወቃችን ያጨበጨብነውስ ምን ልንባል ነው?» አለና ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም። ኃላፊው ወረቀቱን አዩት። ከዚያ አጠፉት።

ጋሽ ላቀው ባሉበት ቀሩ። እኔ ከትራክተር ወርጄ አንድ ክረምት ከሳሉጎች ጋር ሰሊጥ እንዳርም ተፈረደብኝ። እስር ቤት ሲጠብቅ ለነበረ ሰው ምሕረት ነው፤ ግን መሬት ላልበቃው ሹፌር ማረሚያ ይዞ ጓደኞቹ በትራክተር ሲያልፉ ቀና ብሎ ማየት ሞት ነው። ከሁሉ የባሰው የጋሽ ላቀው ዝምታ ነበር። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ፤ እሳቸውም ያሳልፉኛል። አልማሩኝም አልሁ። ምሕረት የሚገባኝም አይመስለኝም ነበር።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ለሁለት ቀን ጋብ አለ። የምናርመው ማሳ ከመኖሪያው ሩቅ ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ ጭቃውን እየነቀለ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ቀትር ላይ አያ ቢተው «እንግዳ መጣልህ» አለኝ። ቀና ስል እትዬ ዘነቡ ናቸው። ጫማቸውን በአንድ እጅ፣ ምሳ የቋጠሩበትን ጨርቅ በሌላው ይዘው በሰሊጡ መሐል ይመጣሉ። ማረሚያው ከእጄ ወደቀ።

«በምን መጡ? ማን አመጣዎት?»

«ማን ያመጣኛል? እግር የለኝም?» አሉና እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ምሳውን ፈቱ። «ብላ። ላቀው ነው የላከኝ።»

«እሳቸው? እኔን?»

«‹እኔ ከሄድኩ ይሸማቀቃል፤ አንቺ ሂጂ፣ አጠገቡ ተቀምጠሽ ስትተነፍሺ ይስማ› አለኝ።»

እጄን ጭቃ እንደ ነካው ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እሳቸውም ለአንድ ጊዜ ያን ምላሳቸውን ሰብስበው ዝም አሉ። ደረታቸው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። የሚያፏጭ ነገር የለበትም። ሰማሁ።